ለማይዘመትበት ጦርነት የተገዛ ትጥቅ

እ.ኤ.አ. በ2011 በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወራት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ወጣቶች ለአንድ ዘመቻ ሲሰናዱ ሰነበቱ። የዘመቻው ቀን ተቆርጦ ተነግሯቸዋል፤ የሚዘመትበት ስፍራ በፊልም ታይቷቸዋል፤ ሊታጠቁት የሚገባው ዕቃም በዝርዝር ተጽፎ ወጥቶላቸዋል። ደመወዝተኛው ከደመወዙ ቀንሶ፣ ተማሪው ወላጆቹን ለምኖ፣ ሌላውም አሮጌ ዕቃውን ሸጦ ትጥቁን አሟላ። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው ከቤቱ አልወጣም። በየክፍላቸው በር ዘግተው፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው፣ ከኮምፒዩተር ስክሪን ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ዘመቻው «ባትልፊልድ 3» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነበር። ስሙን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የጦር ሜዳ» ማለት ነው።

ይህ ነገር ለወታደርና ለወታደር ቤተሰብ ጋዜጣ ምኑ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን አጭር ነው። በዚያ ስክሪን ላይ የሚታየው ሰው የወታደር ልብስ ለብሷል፤ የወታደር መሣሪያ ይዟል፤ በወታደር ቋንቋ ይነጋገራል። በየከተማው የኮምፒዩተር ቤት የሚያመሹ ልጆቻችንም ሆኑ በባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞቻችን የወታደርን ኑሮ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ በዚህ መስኮት በኩል ነው። ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ ማወቅ አይከፋም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጨዋታውን የሠራው ዳይስ የተባለ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የሚገኝ ድርጅት ሲሆን፣ ለገበያ ያወጣው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የተከታታዩ መጀመሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ተመሥርቶ በ2002 የወጣው ጨዋታ ነበር። ሁለተኛ ቍጥር የተሰጠው በ2005 ወጣ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ሌሎች ጨዋታዎችን ቢሠራም ሦስተኛ ቍጥር የሚሰጠው ሳይመጣ ስድስት ዓመት አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በቴሌቪዥን ላይ ተሰክተው የሚሠሩት የጨዋታ ሣጥኖች ገበያውን እየወሰዱት በመሄዳቸው፣ በኮምፒዩተር የሚጫወተው ሰው የተረሳ ያህል ይሰማው ጀመር። የደስታው ምንጭ ያለዚህ ቅሬታ አይገባም። በማርች 2011 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ላይ አዲሱ ጨዋታ ሲታይ፣ ሠሪዎቹ በመጀመሪያ ያሰብነው ለኮምፒዩተር ነው ብለው ነበርና፣ ያ የተረሳ ሰው ተነሥቶ ቆመ።

የታየው ፊልም በኢራቅ ሱለይማንያ ከተማ ጎዳና ላይ የሚሄዱ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮችን ያሳይ ነበር። አልሞ ተኳሽ ከሕንፃ ላይ ይተኩሳል፤ አቧራው ይነሣል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ምድር ተናውጣ አንድ ረጅም ሕንፃ ይወድቃል። ያን ያየ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ታሪኩ ምንድን ነው የሚል አልነበረም። «የእኔ ኮምፒዩተር ይህን ይችለዋልን?» የሚል ነበር።

ለብዙዎቹ መልሱ አይችልም ሆነ። ጨዋታው ዊንዶውስ ኤክስፒ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ፈጽሞ እንደማይሠራ ተነገረ። ኤክስፒ ለሽያጭ የወጣው ኦክቶበር 25 ቀን 2001 ነበር። ጨዋታው በአሜሪካ የወጣው ደግሞ ኦክቶበር 25 ቀን 2011 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት። በዚያን ጊዜ ኤክስፒ ገና በእጅግ ብዙ ቤቶች ውስጥ ሥራ ላይ ነበር፤ ለደብዳቤና ለሒሳብ የሚያንሰው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ትጥቁን ጥቂት እናብራራ፤ በተለይ ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው «ካርድ ልቀይር» ሲል ሰምተው ምን እንደሆነ ላልተነገራቸው እመቤቶች። በዘመኑ የተለመደው ስክሪን በአግድም 1,920፣ በቁም 1,080 የብርሃን ነጥቦች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ይሆናሉ። ምስሉ ሳይቆራረጥ እንደ ውኃ እንዲፈስ ሙሉው ሥዕል በየሴኮንዱ 60 ጊዜ እንደ አዲስ መሣል አለበት። ስለዚህ ማሽኑ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን፣ የእያንዳንዱን ቀለም፣ ጥላና የብርሃን አቅጣጫ እያሰላ ያስቀምጣል ማለት ነው። ይህን ሥራ ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን አይወጣውም። በመሆኑም ለሥዕል ብቻ የተመደበ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ አስሊዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚሠሩበት ሌላ ሰሌዳ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ይሰካል። ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ሊቅ መሐንዲስ ብቻውን ከሚቆፍረው ይልቅ ሦስት መቶ ወታደር አካፋ ይዞ የሚቆፍረው ምሽግ ቶሎ እንደሚያልቅ ሁሉ ነው።

የዋጋው ነገር ግን ከአካፋ ይለያል። በኖቬምበር 2010 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 580 ካርድ 499 ዶላር ነበር። መለስተኛው ጂቲኤክስ 560 ቲአይ በጃንዋሪ 2011 በ249 ዶላር ወጣ። የጨዋታው ሠሪዎች ለጥሩ ጨዋታ ባለ አራት አንጓ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ከ560 ደረጃ የማያንስ ካርድና 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ሃርድ ዲስክ እንዲኖር መከሩ። ጨዋታው ራሱ 60 ዶላር ነበር።

ነገሩ በካርዱ ቢያበቃ መልካም ነበር። በቅሎ የገዛ ሰው ኮርቻ ይፈልጋል፤ ኮርቻ የገዛ ልጓም፤ ልጓም የያዘ ደግሞ ከእነ አሮጌ ቡትቶው መቀመጥ ያሳፍረዋል። የተጠቀሰው 580 ካርድ ብቻውን እስከ 244 ዋት ኃይል ይወስዳል፤ አራት ባለ 60 ዋት አምፖሎች እንደሚወስዱት መሆኑ ነው። የአሮጌው ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ይህን መሸከም አይችልምና እርሱም ይቀየራል። ካርዱ ረጅም ስለሆነ ከአሮጌው ሣጥን አይገባም፤ ሣጥኑ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ሙቀት መውጫ ይሻልና ማራገቢያ ይጨመራል። ፕሮሰሰሩ ከአዲሱ ካርድ ጋር እኩል ካልተራመደ ካርዱ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩን ለመቀየር ደግሞ የተሰካበት ዋና ሰሌዳ መቀየር አለበት። በመጨረሻ ከአሮጌው ኮምፒዩተር የሚተርፈው መክፈቻ ቍልፉና ቤት ውስጥ የነበረው ስሙ ብቻ ነው። የቤቱን ገንዘብ የምትይዝ ሚስት 249 ዶላር ተብሎ የተነገራት ወጪ በወሩ መጨረሻ ሦስት እጥፍ ሆኖ ብታገኘው፣ ባልየው ዋሽቷታል ማለት ግን አይቻልም። እርሱም ሲጀምር አላወቀውም።

በዚህ መሐል ማንም ያላሰበው አደጋ ደረሰ። በዚያው ዓመት በታይላንድ የጣለው ከባድ ዝናብ ወንዞችን ከአፋቸው አስወጥቶ ከ800 በላይ ሰዎችን ገደለ። በኦክቶበር ወር ጎርፉ ከባንኮክ በስተሰሜን ያሉትን የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ዋጣቸው። የዓለም ሃርድ ዲስክ ትልቅ ድርሻ የሚመረተው በዚያ ነበርና፣ የዌስተርን ዲጂታል ፋብሪካ ሳይቀር ውኃ ውስጥ ገባ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሃርድ ዲስክ ዋጋ በብዙ አገሮች እጥፍና ከዚያ በላይ ሆነ። በቺካጎ ወይም በሎንዶን ያለ ወጣት ለጨዋታው 20 ጊጋባይት ቦታ ሲፈልግ፣ የታይላንድ ገበሬ በጀልባ ከቤቱ ጣራ ላይ ይወርድ ነበር። እንዲህ ያለው የዓለም መተሳሰር በንግግር ሲነገር ይሰለቻል፤ በሱቅ የዋጋ ወረቀት ላይ ሲታይ ግን አይሰለችም።

ከሽያጩ ቀን በፊት ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኦክቶበር 10 ድረስ ጨዋታው ለሙከራ ተከፈተ። የሙከራው ሜዳ የፓሪስ መናፈሻና የከርሰ ምድር ባቡር መንገድ ነበር። ወታደር የሆነ ሰው የሚስቅበት ነገር ሞልቶበታል። አንዳንዱ ተዋጊ ሣሩ ላይ ሲተኛ መሬቱ ከፍቶ ይውጠውና ከአፈር በታች ሲንፏቀቅ ይታያል። በጠመንጃ አፍ ላይ የሚታሠረው ባትሪ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የባላጋራን ዓይን እስኪያጠፋ ድረስ ያበራ ስለነበር፣ ጥይት ከማባከን ባትሪ ማብራት የሚቀልበት ጦርነት ሆኖ ሰነበተ። ሠሪዎቹ ሙከራ የሚደረገው ለዚህ ነው ብለው ብዙውን አረሙት።

አሁን ፍርዳችንን እንስጥ፤ የተጫወቱትን አይተናልና።

ጨዋታው የሚመሰገንበት ነገር አለው። አንደኛ ነገር ብቻውን የሚሮጥ ጀግና በዚህ ሜዳ ብዙ አይቆይም። በኮምፒዩተር የሚጫወቱት እስከ 64 ሰዎች ሆነው በሁለት ጎራ ይሰለፋሉ፤ በቴሌቪዥን ሣጥኖቹ ግን 24 ብቻ ነበሩ። ጎራው ባለ አራት አራት ሰው ቡድን ሆኖ ይከፋፈላል። ከአራቱ አንዱ ቍስለኛ ያነሣል፤ አንዱ የተሰበረ ታንክ ይጠግናል፤ አንዱ መትረየስ ይዞ ለጓደኞቹ ጥይት ያድላል፤ አንዱ ከሩቅ ይቃኛል። ጥይት የሚያድለው ሰው ዕድላውን ትቶ ወደ ፊት ከሮጠ ሦስቱ ባዶ ጠመንጃ ይዘው ይቀራሉ። ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምራቸው በሽንፈት ብዛት የተማሩ ወጣቶች አሉ። ሁለተኛም፣ መትረየስ በአጠገቡ ሲያፏጭ የተጫዋቹ ስክሪን ይደበዝዛል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ጥይቱ ባይመታውም አንገቱን ያስደፋዋል። የተኩስ አንዱ ጥቅም የጠላትን ራስ ዝቅ ማድረግ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በሠሪዎቹ መካከል እንደነበረ ይታያል። ድምፁም ያስመሰግናል፤ «የጦርነት ካሴት» የሚል ስም የሰጡት የድምፅ ምርጫ አለ፤ እርሱ ሲከፈት ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል።

የሚጎድለው ግን ከዚህ ይበዛል። በዚያ ጦርነት ውስጥ ክብደት የለም። ብረት ቆቡ፣ ጠመንጃው፣ ጥይቱ፣ ኮዳውና የጀርባው ጓዝ ተደምሮ ትከሻን የሚቆርጥበት ሰዓት የለም። ጥም የለም። ከስክሱ ውስጥ የገባ አሸዋ፣ ተረከዝ ላይ የፈነዳ ውኃ የቋጠረ ቍስል፣ ሌሊት በዘብ ላይ ሳሉ ዓይን ቁጥቋጦውን ሰው የሚያደርግበት ድካም የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠበቅ የለም። ውጊያን ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው የወታደር ኑሮ ከመቶ እጅ ዘጠናው መጠበቅ ነው፤ መኪና መጠበቅ፣ ትእዛዝ መጠበቅ፣ ንጋት መጠበቅ፣ ከቤት የሚመጣ ወሬ መጠበቅ። ይህን ጨዋታ አድርጎ ቢያቀርበው ማን 60 ዶላር ይከፍልበታል? ሠሪውም ይህን ያውቃልና ትቶታል፤ አንወቅሰውም። የምንለው ግን ልጁ ያየው ከመቶ እጅ አሥሩን መሆኑን አባቱ ይንገረው ነው።

ሞትም በዚያ ሌላ ነገር ነው። የወደቀ ተዋጊ ቍስለኛ አንሺው ሁለት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ደረቱ ላይ ሲያሳርፍበት ብድግ ብሎ ይሮጣል። ማንም ባይደርስለት ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ከኋላ መስመር እንደ አዲስ ይመጣል። የተጫዋቾቹ ቋንቋ ራሱ ይህን ተከትሏል፤ «ሞትሁ» የሚለው ቃል በአንድ ምሽት ውስጥ አርባ ጊዜ ይነገራል፤ ሻይ እየተጠጣ ይነገራል። በዚህ ሰፈር ውስጥ ያ ቃል እንዴት እንደሚነገር፣ ማን ይዞት እንደሚመጣ፣ የትኛው ቤት በር ላይ እንደሚቆም የምታውቁ እናቶችና ሚስቶች አላችሁ። ጨዋታው ክፉ ነው ለማለት አይደለም። አንድ ቃል በሁለት ዓለም ሁለት ክብደት እንዳለው ለማሳየት ነው።

የጦር ሠራዊቶችስ ይህን ነገር እንዴት አዩት? ንቀው አላለፉትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ቨርጂኒያ በኳንቲኮ የሚገኝ የባሕር ወለድ ጦር ክፍል «ዱም 2» የተባለውን የጭራቅ አደን ጨዋታ ወስዶ ጭራቆቹን በጠላት ወታደር ለውጦ አራት ሰዎች ያሉት ቡድን እንዴት እየተነጋገረ እንደሚራመድ ማለማመጃ አደረገው። ሐሳቡ ተኩስ ለማስተማር አልነበረም፤ ፈጥኖ መወሰንንና መነጋገርን ለማስለመድ ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2002 ደግሞ የአሜሪካ ምድር ጦር «የአሜሪካ ጦር» የተሰኘ ጨዋታ ራሱ አሠርቶ በነፃ አደለ፤ ዓላማው ወጣቱን ወደ ምልመላ ለመሳብ መሆኑን አልደበቀም። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የነበረ አንድ ብልሃት ይገርመናል። ሁለት ጎራ ሆነው ሲዋጉ እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱንና ጓደኞቹን የአሜሪካ ወታደር አድርጎ ያያል፤ ባላጋራው ግን ጠላት መስሎ ይታየዋል። ባላጋራውም በራሱ ስክሪን ላይ አሜሪካዊ ነው። ስለዚህ በዚያ ጦርነት ውስጥ ጠላት የሆነ ሰው ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ግን ጠላት ገድሏል።

ያም ሆኖ ከዚያ ጨዋታ አንድ መልካም ነገር ሲወጣ ታይቷል። ቍስለኛ አንሺ ለመሆን የፈለገ ተጫዋች በቅድሚያ በስክሪኑ ላይ የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ተከታትሎ ፈተና ማለፍ ነበረበት። በ2007 በሰሜን ካሮላይና አንድ ሰው በመንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና አይቶ ቆመ። በውስጡ ከነበሩት አንዱ ጣቶቹ ተቆርጠው ደሙ ይፈስ ነበር። ሰውየው የሕክምና ትምህርት ኖሮት አያውቅም፤ ነገር ግን በፎጣ ቍስሉን ጫን አድርጎ እጁን ከፍ አድርጎ እንዲይዝ አደረገው። የተማረውም ከዚያ ጨዋታ መሆኑን በኋላ ተናገረ፤ ጦሩም በ2008 ነገሩን ለሕዝብ አሳወቀ። ጨዋታው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ በሜይ 2022 ተዘጋ። ከተኩሱ ሁሉ ይልቅ የሚታወሰን ያ ፎጣ ነው።

ስለ ሜዳው ባለቤት ደግሞ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። የ«ባትልፊልድ 3» ታሪክ ከኢራቅ ተነሥቶ ወደ ቴህራን ይገባል። በኖቬምበር 2011 የኢራን ባለሥልጣናት ሽያጩን እንዳገዱ ተዘገበ፤ ኩባንያው ደግሞ በዚያ አገር አከፋፋይ እንኳ እንደሌለው ተናገረ። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ በ2003 የወጣው «ዴልታ ፎርስ፦ ብላክ ሆክ ዳውን» ሜዳው ሞቃዲሾ ነበር። በኦክቶበር 1993 በዚያች ከተማ በተደረገው ውጊያ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ሞተዋል፤ የሞቱት ሶማሌዎች ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራሉ። በ2025 መጀመሪያ ያው ታሪክ በቻይና ሠሪዎች እጅ እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ። ከአንባቢዎቻችን መካከል የሞቃዲሾን ጎዳና በእግራቸው የረገጡ፣ የሻይ ቤቷን ባለቤት በስም የሚያውቁ አሉ። በጨዋታው ውስጥ ግን ሻይ ቤት የለም። በር አለ፤ ከበሩ ኋላ የሚተኩስ አለ።

ለቤተሰብ ዐምድ አንባቢዎች

እስከዚህ ያልነው ወጣቶች ገንዘባቸውንና ሌሊታቸውን ስለሚያወጡበት ነገር ነው። አሁን የምንለው ግን ጨዋታ ነክቶት ለማያውቅ ቤት ጭምር ነው።

የወታደር ሚስት ባሏ ግዳጅ ላይ ሳለ በስልኳ የሚመጣላትን ፊልም በምን ልብ እንደምታየው እናውቃለን። ሄሊኮፕተር ሲመታ፣ የመኪና ሰልፍ ሲቃጠል፣ በሌሊት የሚሳይል መስመር ሰማዩን ሲያቋርጥ ታያለች። ከሥሩ የአንድ ግንባር ስም ተጽፏል። እርሷም ፊልሙን ደጋግማ እያየች በጢሱ መካከል የምታውቀውን አቋም ትፈልጋለች። ውድ እኅቶቻችን፣ ከእነዚህ ፊልሞች መካከል ብዙዎቹ የተቀረጹት በጦር ሜዳ ሳይሆን ባማረ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው ኮምፒዩተር ነው። ያ ሁሉ የሥዕል ካርድ፣ ያ ሁሉ ወጪ፣ ሐሰቱ ከእውነቱ እስኪመሳሰል ድረስ አድርሶታል።

እንዲህ ባለው የሚታለለው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው እንዳይባል ማስረጃ እናቅርብ። የፓሪሱ ሙከራ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2011፣ አይቲቪ የተባለው የብሪታንያ ቴሌቪዥን በጋዳፊና በአይርላንድ ታጣቂዎች ግንኙነት ላይ ያዘጋጀውን ፊልም አሳየ። በውስጡም በ1988 ታጣቂዎቹ ሄሊኮፕተር ሲጥሉ የቀረጹት ነው ተብሎ አንድ ትዕይንት ቀረበ። ትዕይንቱ «አርማ 2» ከተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ የተወሰደ ነበር። ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ፤ የብሮድካስት ተቆጣጣሪውም በ2012 ተመልካች መታለሉን ወሰነ። በኖቬምበር 2017 የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር በሶርያ ጉዳይ የማይካድ ማስረጃ ብሎ ካወጣቸው ሥዕሎች አንዱ ከስልክ ጨዋታ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ፤ ሥዕሎቹም ተነሡ። ሚኒስቴርና ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚስትበት ነገር እኩለ ሌሊት ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ብትሳሳትበት አያስገርምም።

የ«አርማ» ጨዋታዎች ሠሪ የሆነው የቼክ ድርጅት ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ በኖቬምበር 2022 በዚህ ጉዳይ ላይ መግለጫ ለማውጣት ተገድዷል። በ2013 የወጣው «አርማ 3» ተጫዋቾች የፈለጉትን አገር የሠራዊት ልብስና መሣሪያ ራሳቸው ሠርተው እንዲጨምሩበት ስለሚፈቅድ፣ የአፍጋኒስታን፣ የሶርያ፣ የፍልስጥኤምና የዩክሬን ጦርነት እየተባለ ሲሰራጭ መኖሩን ገለጸ። ሐሰቱ የሚታወቅባቸውንም ምልክቶች ተናገረ። ፊልሙ ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ነው፤ በአሮጌ ስልክ እንደተቀረጸ ይመስላል። ካሜራው እንዲንቀጠቀጥ ይደረጋል። ሌሊት ይመረጣል፤ ጨለማ ጉድለትን ይሸፍናልና። ድምፅ አይኖረውም። ከሁሉ በላይ ሰው እምብዛም አይታይበትም፤ መኪናና አውሮፕላን መምሰል ለማሽኑ ይቀለዋል፤ የሰውን አረማመድ መምሰል ግን ይከብደዋል። ጢሱና እሳቱም ከተፈጥሮው ውጭ ይሆናል።

በዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው ከሰፈራችን ልማድ የመጣ ነው። ባልና ሚስት ከግዳጅ በፊት ወሬ በማን በኩል እንደሚደርስ ይነጋገሩ፤ የአንድ ጓደኛ ስም፣ የክፍሉ ጽሕፈት ቤት፣ የሰፈሩ አስተዳደር። ከዚያ ውጭ የመጣውን ፊልም ለጎረቤት አታሳልፉ። ቀጣዩ በር ላይ ያለችው እኅታችሁም ባል አላት፤ ምናልባትም ነፍሰ ጡር ናት። ግዳጅ ላይ ያላችሁ ወንድሞቻችንም ብትሆኑ «ይህን ተመልከቱ» እያላችሁ የጨዋታ ፊልም ለቀልድ ወደ ቤት አትላኩ። ከግንባር የመጣ ቀልድ ቤት ሲደርስ ቀልድ መሆኑን ያጣል።

ጨዋታውን ስለ መከልከል የጠየቁን ወላጆች አሉ። እኛ ከክልከላው ወገን አይደለንም። ልጁ ከጎረቤት ሄዶ ከሚያየው አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ቢያየው ይሻላል፤ አባትየውም «እዚህ ላይ እንዲህ አይደለም» እያለ ቢያርመው ልጁ ከጨዋታው ይልቅ እርሱን ያዳምጣል። ለኮምፒዩተር ትጥቁ ገንዘብ ግን የዕቁቡ እጣ ባይነካ ደስ ይለናል።

«ባትልፊልድ 3» በመጀመሪያው ሳምንት 5 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። በኖቬምበር 8 የወጣው ባላንጣው «ሞደርን ዋርፌር 3» ደግሞ በአምስት ቀን 775 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በሽያጭ ፉክክር ያሸነፈው እርሱ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በኦክቶበር 10 ቀን 2025 «ባትልፊልድ 6» ሲወጣ ያው የትጥቅ ዝግጅት እንደገና ታየ። በኦገስት በተደረገው ሙከራ ስቲም በተባለው የጨዋታ መደብር ብቻ ከ500 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው ተዋጉ። በበሩ ላይ የቀሩም ነበሩ፤ የብዙዎቹ ችግር የካርድ ማነስ ሳይሆን አጭበርባሪን ለመከላከል ሲባል በኮምፒዩተሩ መነሻ ላይ እንዲከፈት የታዘዘው «ሴኪዩር ቡት» የሚባል መቆለፊያ ነበር። ጨዋታው በወጣ በአራተኛው ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ታይላንድም በዚህኛው ጊዜ ሌላ ስም ይዛ መጣች። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ግዙፍ የማሽን አዳራሾች የገበያውን ራም እየጠራረጉ ስለወሰዱት በዓመቱ መጨረሻ ላይ የራም ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ። ካርዱን በኦክቶበር ገዝቶ ራሙን ለሚቀጥለው ወር ደመወዝ ያሳደረ ወጣት ወደ ሱቁ ሲመለስ ሌላ ዋጋ ተለጥፎ ጠበቀው።